እጇን ያላነሳች አስተማሪ

መስከረም 6፣ 2017፣ ሰኞ

ሦስተኛው ተርም ዛሬ ተከፈተ። የመምህራን ክፍል ውስጥ ወሬው አንድ ብቻ ነበር። የኬሚስትሪዋን አስተማሪ ቅዳሜ ከትምህርት ቤታችን በር ሃምሳ እርምጃ ራቅ ብሎ ቦርሳዋን ነጥቀዋታል። ስድስት ልጆች ናቸው አለች። ሁለቱ የኛን የደንብ ልብስ ሸሚዝ ገልብጠው ለብሰዋል።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሚስተር ኪዛ ጠረጴዛውን መታ። «ዱላውን ከእጃችን ነጠቁን፤ ይኸው ውጤቱ» አለ። ርዕሰ መምህርቷ፣ «ልጅ መምታት በሕግ ተከልክሏል፣ አልቋል» አለቻቸው። ከዚያ አንድ ሰዓት ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ልጆችን እንዲህ ከሚዘርፉ ቡድኖች የሚጠብቅ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ማን ይሰብስበው ሲባል አንዱ፣ «ማዳም ሙሉ! አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስታስተምር ልጅ ላይ እጇን ስታነሳ ያየ አለ?» አለ።

ያየ የለም። ተጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

መስከረም 10፣ ዓርብ

ከወጣቶች ድርጅት አሠልጣኝ ተላከችልን። ፌኒ ትባላለች፣ ሃያ ስድስት ቢሆናት ነው። ወረቀት አደለችንና፣ «ልጅ ሳላችሁ የተመታችሁበትን አንድ ቀን ጻፉ» አለችን።

ኪዛ ወረቀቱን አጠፈው። «እኔ ተገርፌ ነው ሰው የሆንኩት» አላት።

«አዎ ጌታዬ። ወንድሜም ተገርፏል» አለች።  ወንድሟ ምን እንደሆነ አልጠየቅናትም።

እኔ «አባቴ መትቶኝ አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ። ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩ አላውቅም። ቀበቶው የሚሰቀልበትን ምስማር እስካሁን በዓይኔ አየዋለሁ።

መስከረም 13፣ ሰኞ

ከሥራ በኋላ የአገራችን ሰዎች ወደሚበዙበት ወደ ካንሳንጋ ሰፈር፣ ታደለች ምግብ ቤት ሄድኩ። ታደለች ባትወለደኝም እዚህ አገር ያለችኝ እህት ናት። መጀመሪያ ስመጣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ኖርን። ያኔ ልጇ አቤኔዘር አምስት ዓመቱ ነበር። ባሏ ለሥራ ጁባ ብሎ እንደወጣ ቀረ። ልጁ ቁጥር የቆጠረው ጭኔ ላይ ተቀምጦ ነው። ዛሬ አሥራ ስድስት ሞልቶታል፣ ሲኒየር ስሪ ነው፣ የሁለተኛ ደረጃ ሦስተኛ ዓመት፣ ሂሳብ የማስተምረውም እኔ ነኝ።

ሥጋ እየዘለዘለች ቀና ሳትል፣ «ሙሉዬ፣ አቢ ሊያመልጠኝ ነው» አለችኝ።

«ምን አደረገ?»

«አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ከየት ነው ስለው ጓደኛዬ ሰጠኝ ይላል። ምን ዓይነት ጓደኛ ነው ጫማ የሚሰጥ?»

«አነጋግረዋለሁ።»

«ንግግር በቃኝ። አስተማሪው አይደለሽ? ዓይኑን ብቻ ተዪልኝና ግረፊልኝ። አባት የለው፣ ማንን ይፍራ?»

ሳቅኩ። «ክልክል ነው እኮ» አልኳት።

«በማን አገር?» አለችኝ።

መስከረም 17፣ ዓርብ

መስቀል። እዚህ የሥራ ቀን ነው። ማታ ታደለች ጋ በላን። የአቢ ሳህን ተከድኖ ቆየ፤ ስወጣም እንደተከደነ ነበር።

መስከረም 23፣ ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት

የቦርሳ ፍተሻ። ኪዛ በአንድ ረድፍ፣ እኔ በሌላው። አቢ ቦርሳ ውስጥ ሁለት ስልክ። አንደኛው የሴት ልጅ ሽፋን ያለው፣ አበባ ያለበት። ኪዛ ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር። ቀሚሴ ኪስ ከተትኩት።  ለፖሊስ ከመድረሱ በፊት እኔ ላናግረው።

እዚያው ቀን፣ ማታ

አነጋገርኩት።

ልጆቹ ከወጡ በኋላ የሂሳብ ዕቃ የምናስቀምጥበት ክፍል አስገባሁትና በሩን ዘጋሁ። ስልኩን አውጥቼ፣ «የማን ነው?» አልኩት።

«አስቀምጥ ተብዬ ነው።»

«በማን?»

ቦርሳውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«እናትህ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ምድጃ ላይ ቆማ…»

«እናቴን አያንሱብኝ።»

«እኔ ነኝ ያሳደግኩህ፣ እኔ ላነሳት እችላለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። አልተቆጣም፣ ያ ነው ያቃጠለኝ። «እርስዎ አላሳደጉኝም፣ እትዬ። አስተማሪ ነዎት። ሥራዎን ይሥሩ» አለኝ።

የሰሌዳው ማስመሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሁለቴ፣ ትከሻው ላይ። ከዚያ አንዴ በጥፊ። አልጮኸም፣ እጁንም አላነሳም። በቁመት በራስ ይበልጠኛል፤ እጄን መያዝ ይችል ነበር። ሲወጣ ግድግዳውን ይዞ ትንሽ ቆመና ሄደ።

እናቱ ፈቅዳለች። ፖሊስ ቢይዘው ደግሞ ይብስ ነበር። ይኼ የቤተሰብ ጉዳይ እንጂ የትምህርት ቤት አይደለም። እናት ብትመታው ማን ይጠይቃታል?

መስከረም 24፣ ዓርብ

ስልኩን ለጸሐፊዋ ሰጠኋት፤ ግቢ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት ብዬ። የስልኩ ባለቤት ከሰዓት መጥታ እያለቀሰች ወሰደችው። ኪዛ፣ «ኮሚቴው ሥራ ጀመረ ማለት ነው» አለኝ። አቢ ክፍል ነበር። አላየኝም።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ

አቢን ሦስቴ በስሙ ጠራሁት። መስኮት መስኮቱን እያየ ዝም አለኝ። ጎኑ የምትቀመጠው ልጅ በክርኗ ስትነካው ነው የዞረው። ንቀት ነው። ይሁን፣ ጊዜ ይፈልጋል።

ጥቅምት 2፣ ቅዳሜ

የወላጆች ስብሰባ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መጀመሪያ ላይ ማንም ማንንም አይሰማም ነበር። ዱላ ይመለስ ወይስ አይመለስ ነው አጀንዳው። ርዕሰ መምህርቷ ሕጉን አነበበች። የሰማት ያለ አይመስለኝም።

አንድ አባት ተነሥቶ፣ «ልጄን በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው የወለድኩት፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ ልቀብረው አልፈልግም። ቢላ ይዘው የሚዞሩ ልጆች ጋ ነው የሚውለው። ሕጉ ይመጣና ይቀብርልኛል?» አለ።  

ታደለችም ተነሣች። ገበያ በለቃቀመችው የአገሬው ቋንቋ ሉጋንዳና በወጥ ቤት እንግሊዝኛዋ፣ «እኔ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነኝ። እናንተ ጋ ሲውል እናንተ እናት ናችሁ። እናት ትመታለች» አለች። ተጨበጨበላት። እየፈራች ወደኔ አየች፤ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ፌኒ ተራዋ ሲደርስ ድምፅዋን አላነሳችም። «ልጅ ስንመታው መሄጃ የሌለው ይመስለናል። አለው። መንገድ ዳር የሚጠብቁት አሉ። እነሱ አይመቱትም፤ መጀመሪያ ላይ አይመቱትም» አለች።

ከዚያ እንደ ሰብሳቢነቴ ተናገሪ ተባልኩ። ተነሣሁ። ያለ ዱላ ማስተማር ይቻላል፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፣ አንድ ልጅ በእጄ አልተመታም አልኩ።

የሲኒየር ስሪ ልጆች ወንበር ሲያመላልሱ ነበር። አቢ በሩ ላይ ሁለት ወንበር ተሸክሞ ቆሟል። እስክጨርስ አላስቀመጣቸውም።  ወንበሮቹን ደርድሮ ወጣ።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ታደለች ደወለች። ልጁ ጆሮዬ ውስጥ ይጮህብኛል ብሏታል፤ ትራሱ ላይ ፈሳሽ አግኝታለች። ክፍለ ጊዜዬን ለሌላ ሰው ትቼ አብሬአት ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሙ በመብራት አየውና የግራ ጆሮው ታምቡር ተቀድዷል አለ። ቆይቷል፣ መርቅዟል። ለታደለች የተረጎምኩላት እኔ ነኝ።

«ማን መታህ?» አለው ሐኪሙ።

«ኳስ» አለ አቢ።

ታደለች እጄን ይዛ ነበር፣ መዳፏ ያልበዋል። «ይኼ ኳስ ይገድልብኛል» አለችኝ በአማርኛ። አቢ ጫማውን ያያል። እኔ ግድግዳው ላይ ስለ እጅ መታጠብ የተለጠፈውን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ኳስም ሊሆን ይችላል። ሐሙስ ሐሙስ ይጫወታሉ።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

አቢ ዓርብ አልመጣም። ዛሬም የለም። ቅዳሜና እሑድ ቤቱ አላደረም። ታደለች ምግብ ቤቱን አልዘጋችም፤ «ብዘጋውና መጥቶ ተዘግቶ ቢያገኘውስ?» ትላለች። እኔን ስታየኝ ተስፋ ታደርጋለች። ይኼ ነው የማልችለው።

ጥቅምት 14፣ ሐሙስ

አብዱልሰላም አገኘው። አብዱልሰላም ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት በሞተር ታክሲው የሚያደርሰኝ ባለቦዳ ነው፣ የጅማ ልጅ፣ ልጅነቱን እዚህ መንገድ ላይ ያሳለፈ። ሰፈሩን ሁሉ ያውቃል። ከሰዓት ሞተሩ ላይ አፈናጦኝ ወደ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወሰደኝ።

መንገድ ላይ፣ «ልጁ ምን ጎድሎት ነው?» አልኩት።

«እትዬ፣ እኔም እኮ ነበርኩበት» አለኝ አንገቱን መለስ አድርጎ። «ምንም አይጎድልዎትም፣ ወይ ሁሉም ይጎድልዎታል። መጀመሪያ ሮሌክስ ይገዙልዎታል፤ እንቁላሉ በቻፓቲ ተጠቅልሎ፣ ትኩሱን። እየበሉ እያለ ትልቁ ልጅ ማን መታህ ይልዎታል። በቃ። ያንን የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው እሱ ነበር።»



ከአንድ መጋዘን ጀርባ የእንጨት ርብራብ ክምር ላይ ስድስት ሰባት ሆነው ተቀምጠዋል። አቢ ሲያየኝ ከሌሎቹ ተነጥሎ መጣ። ከስቷል። ሸሚዙ ንጹሕ ነው፣ ማን እንደሚያጥብለት አላውቅም።

«እትዬ ሙሉ፣ እዚህ መምጣት የለብዎትም። ጥሩ ቦታ አይደለም» አለኝ።

ይቅርታ ልለው ነበር የሄድኩት። ሌሊቱን ሙሉ ቃሉን ስፈልግ አድሬ አግኝቼውም ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«ሰኞ የሂሳብ ፈተና አለ» አልኩት።

ፈገግ አለ፤ የአምስት ዓመቱን ፈገግታ። «እሺ እትዬ» አለኝ። አብዱልሰላምን፣ «በደንብ አድርሳቸው» አለው።

ሰኞ እንደማይመጣ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። ፖሊስ ከቡድኑ ጋር የሚታዩ ልጆችን ስም ጠይቋል። ኪዛ አምስት ስም አቀረበ፤ ሦስተኛው አቤኔዘር። ከትምህርት ቤት ይሰረዙ፣ ዝርዝሩም ይላክ ነው ሐሳቡ።

ፌኒ ታገለች። «ስሙን ከዚህ ስትሰርዙት እዚያ ትጽፉታላችሁ። የቀረው አንድ ገመድ እናንተ ናችሁ» አለች። ኪዛም ክፉ ሰው አይደለም፣ ዛሬ ድምፁ ደክሞ ነበር። «ሌሎቹን አራት መቶ ልጆች ማን ያስብላቸው? ንገሪኝ፣ እኔ ዱላ የለኝም፣ ምን ይዣለሁ?» አላት።

ሁለት ለሁለት ሆኑ። ሁሉም ወደኔ ዞሩ። «ማዳም ሙሉ፣ ልጁን ታውቂዋለሽ። ለምን መምጣት እንዳቆመ የምታውቂው ነገር አለ?» አለ ኪዛ።

«የቤተሰብ ችግር ነው» አልኩ።

«ሊመለስ የሚችል ይመስልሻል?»

አላውቅም አልኩ። ድምፄን አልሰጥም አልኩ። ከዚያ ርዕሰ መምህርቷ ድምፁ እኩል ስለሆነ የኪዛ ሐሳብ ይጽና፣ ሰብሳቢም የግድ መፈረም አለባት አለች። ፈረምኩ።

ጥቅምት 21

ለታደለች አልነገርኳትም። የመሰረዣው ደብዳቤ ይደርሳታል። እኔ ባነብላት ይሻላል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

አነበብኩላት። ስሜን ከግርጌው ሳላነብ አጠፍኩት። «አንቺ ባትኖሪ ከዚህ የባሰ ነበር የሚያደርጉት» አለችኝ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ዋንዴገያ ሰፈር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆስቴል አጠገብ። ቦርሳ ሲነጥቁ ሕዝብ ደረሰባቸው። አምስቱ አመለጡ፣ አቢ ተያዘ። ሆስፒታል ነኝ። ታደለች መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ወንበር አልፈልግም ብላ። በሕይወት አለ። በሕይወት አለ።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

ፖሊስ ባይደርስ ያቃጥሉት ነበር ይላሉ። ክንዱና ሦስት የጎን አጥንቶቹ ተሰብረዋል። አልጋው አጠገብ ፖሊስ ተቀምጧል።

አብዱልሰላም እዚያ የነበረ ባለቦዳ አግኝቶ አነጋግሮታል። ሕዝቡ ከኋላ ሲመጣ ልጆቹ በፉጨት ተጠራሩ አለው። ሁሉም ሮጡ። አቢ ብቻ አልዞረም፤ ሁለቴ አፏጩለት፣ ቆሞ ወደ ሌላ ያይ ነበር።

«ለምን አልዞረም?» ትላለች ታደለች። ሰው ባገኘች ቁጥር ትጠይቃለች። «ለምን አልዞረም?»

ዝናብ ነበር አልኳት። ሰዓቱ መኪና የሚበዛበት ነው። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማንም አይሰማም።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ከሆስፒታል ወጥቶ ልጆች ፍርድ እስኪያገኙ የሚቆዩበት ግቢ ገባ። ዛሬ መጠየቅ ተፈቀደ። ታደለች ሥራ ስለያዛት ብቻዬን ሄድኩ። እውነቱን ልጻፍ፤ ሥራ የሚይዛትን ቀን መርጬ ነው።

አግዳሚ ወንበር ላይ በግራው በኩል ልቀመጥ ስል፣ «በዚህኛው በኩል ይቀመጡ፣ እትዬ» አለኝ። ዞሬ ተቀመጥኩ።

አለቀስኩ። እያለቀስኩ፣ ጆሮህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ለእናትህም ለዳኛውም እናገራለሁ አልኩት። ክንዱ በጄሶ ነው፣ በደህናው እጁ ጉልበቱን እያሸ ሰማኝ።

«ለዳኛው የፈለጉትን ይበሉ» አለኝ። «ለእናቴ አይንገሯት።»

«ለምን? እኔን ለማዳን አትድከም።»

«ለእርስዎ ብዬ አይደለም። ከእርስዎ ሌላ ማንም የላትም። እኔ እዚህ ነኝ፤ እርስዎንም ካጣች ማን ጋ ትሄዳለች?»

የጠባቂው ደወል ተደወለ። አቢ ተነሥቶ እንደ ክፍል ውስጥ እስክወጣ ቆሞ ጠበቀኝ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ለፍርድ ቤቱ የልጁን ታሪክ የምታዘጋጀው ሠራተኛ ቅጽ ልካልኝ ነበር፣ አስተማሪው ስለሆንኩ። አንዱ ጥያቄ «ልጁ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ተመትቶ ያውቃል?» ይላል። አዎ ብዬ ጻፍኩ። በማን? በእኔ። ቀኑን፣ ክፍሉን፣ ማስመሪያውን፣ ጥፊውን ጻፍኩ። ወስጄ ሰጠኋት። የሚያስሩኝ መስሎኝ ነበር፤ ኪራይ ለምትሰበስበው ጎረቤቴ ቁልፌን ትቼ ነው የሄድኩት።

ሴትዮዋ አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች። «ማዳም» አለችኝ፣ «ከኋላዬ ያለውን መደርደሪያ ታያለሽ? አስተማሪ ያልመታው ልጅ ፋይል እዚያ ውስጥ አንድም የለም። አያይዘዋለሁ።» በሳችው፣ አያያዘችው፣ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ለርዕሰ መምህርቷም ነገርኳት።  «ይኼን ዛሬ አልሰማሁም» አለችኝ። «የተርሙ ሪፖርት ለረጂዎቹ እስኪላክ ሰብሳቢ ሆነሽ ቆዪ። ከዚያ እንነጋገራለን።»

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

አቢ አትንገሯት ብሎኝ ነበር። ፍርድ ቤት ቅጹ ይነበባል፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰማው አልኩ። ወይም እኔው መሸከም አቅቶኝ ነው። የትኛው እንደሆነ አልለየሁትም።

ከምሳ በኋላ ሰው ሲቀንስ ሄድኩ። ታደለች ትልልቆቹን ድስቶች እያጠበች ነበር። ቆሜ ነገርኳት። እጇ ድስቱ ውስጥ እንዳለ ሰማችኝ።

«ግረፊልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች።

ይቅር ያለችኝ መሰለኝ። አንድ እርምጃ ጠጋ አልኩ።

«ሐኪሙ ጋ ግን» አለች፣ «ማን መታህ ሲለው ጎኔ ነበርሽ። እጅሽን ይዤ ነበር።»

እጇን ከድስቱ አወጣች።

«ለምን አልዞረም እያልኩ ሰው ሁሉ ስጠይቅ አጠገቤ ነበርሽ። ዝናብ ነው አልሽኝ።»

ድስቱን ደፋችው። እጇን በሽርጧ ጠርጋ የጓሮውን በር ከፈተችልኝ። በጓሮ በር ወጥቼ አላውቅም፣ በአሥራ አንድ ዓመት።

ኅዳር 20፣ 21፣ 22

ስልኬን አታነሳም። አታነሳም። አታነሳም።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

አስተናጋጇ ረምዚያ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። «እትዬ ታደለች ልካኝ ነው። ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ፍርድ ቤት ነው። የዳኛውን እንግሊዝኛ የሚነግራት ሌላ ሰው የለም» አለችኝ። «ሌላ የምላት አለ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ እመጣለሁ በያት አልኩ።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ክፍሏ ትንሽ ናት፣ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበር። ታደለች ነጠላዋን አጥብቃ ለብሳ በስተግራዬ ተቀመጠች። ሰላም ስላት ፊቷን ወደ በሩ አደረገች። አቢን ሲያስገቡት ሁለታችንንም አየን፤ በመካከላችን የቀረውን ባዶ ወንበርም አየ። ያኔ ገባው። አንገቱን ደፋ።

ጥፋቱን አመነ። ዳኛዋ ፋይሉን ገለጠች። የኔን ገጽ ስታልፈው አየሁ፤ ከሌሎቹ ገጾች የበለጠ ጊዜ አልወሰደባትም። ስለ ቡድኖቹ ተናገረች፣ ስለ ከተማው ስጋት፣ ስለ ልጁ ዕድሜ። ከዚያ ፍርዱን ሰጠችና ወደ ታደለች አየች። ታደለች አልገባትም። ዳኛዋን አየች፣ አቢን አየች፣ በመጨረሻ የግዷን ወደኔ ዞረች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኗን ያየሁት አሁን ነው።

«ስድስት ወር» አልኳት። «የልጆች ማረሚያ።»

«ስንት?» አለችኝ።

ደግሜ ነገርኳት።